የተማሪዎች ግብዣና አንድ ማዕድ

ፈተና ባለቀ ቁጥር ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ግብዣ ማድረጋቸው መልካም ልማድ ነው። መዋጮው በሙሉ ለሥጋ ሲውል ግን ነገሩ ይበላሻል። ዕለቱ ዓርብ የዋለ እንደ ሆነ ጿሚው ለስላሳውን ይዞ ዳር ይቀመጣል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል።

ስለዚህ እኛ የምንመክረው አዚፋን ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ይኸውም ድፍን ምስር ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በመጠኑ ይደቆስና ቀይ ሽንኩርት፥ ቃሪያ፥ ሎሚ፥ ዘይትና በውኃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ ይገባበታል። 1 ኪሎ ምስር ሲቀቀል ከ2 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ለመዋጮ ኪስ ይስማማል። የሚበላውም ቀዝቅዞ ስለ ሆነ በግብዣው ሰዓት ምድጃ አያስፈልግም። ምስሩን በዋዜማው ቀቅሎ በቀዝቃዛ ስፍራ ማሳደር ይቻላል፤ ሰናፍጩ ግን ሲቆይ ኃይሉ ስለሚቀንስ የሚጨመረው ሊቀርብ ሲል ነው። ከጎኑ የቲማቲም ፍትፍትና የበሶ ጭብጦ ቢቀርቡ ግብዣው ሙሉ ይሆናል።

ሥጋ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ላማረው ለብቻው ይቅረብለት። ዋናው ማዕድ ግን ገንዘቡን ያዋጣ ሁሉ እጁን የሚዘረጋበት ሊሆን ይገባል።