ደባልም ከቤት ሰው ይቈጠራል፤ የተከራዩትን ቤት ለሌላ ስለ ማከራየትና ስለ ጤና አጠባበቅ

የከተማ ኑሮ ከገጠር ኑሮ ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ፥ ሰው ከማይዘመደው ሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደሩ ነው። በገጠር አንድ ቤት የአንድ ቤተ ሰብ ነው፤ የሚያድርበትም ሰው ሁሉ በስም ይታወቃል። በከተማ ግን ባለቤቱ ቤቱን ለተከራይ ይሰጣል፤ ተከራዩም የኪራዩ ዋጋ ሲከብደው አንዱን ክፍል ወይም የክፍሉን እኩሌታ ለሌላ ሰው ያከራያል። ይህ ሁለተኛው ሰው ደባል፥ አሠራሩም ተከራይ አከራይ ይባላል። ስለ ኪራዩ ገንዘብ የሚነሣው ክርክር ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ብዙ አንልበትም። ለአንባብያን ለመግለጥ የፈለግነው፥ ደባል ከቤቱ ሰው ቍጥር ሳይገባ ሲቀር በዚያ ቤት በሚኖሩት ሁሉ ጤና ላይ የሚደርሰውን ጉዳትና የሚከላከሉበትን ዘዴ ነው።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንናገር። ደባል ማስገባት ከችግር እንጂ ከክፋት የመጣ ልማድ አይደለም። ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማና ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ ወደ ወረታ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ስፍራ በመሆንዋ፥ መምህሩም፥ ነርሱም፥ ነጋዴውም፥ ሾፌሩም፥ የቀን ሠራተኛውም ማደሪያ ይፈልግባታል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ መርሳም ከገጠር ቀበሌዎች ለትምህርት የሚመጡ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸውንም ከወላጆቻቸው ቤት ያመላልሳሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በእነዚህ ከተሞች በደረሰ ጊዜም፥ ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ ተፈናቅሎ በዘመድና በወዳጅ ቤት ተጠግቶ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሰዋል። ስለዚህ «ደባል አታስገቡ» ብሎ መምከር ከንቱ ምክር ነው። የሚበጀው፥ ደባልን እንዴት አድርጎ በጤና ማኖር እንደሚቻል ማወቅ ነው።

ጉዳዩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ምሳሌው የማንንም ቤት ለይቶ የሚያመለክት ሳይሆን፥ በየሰፈሩ የሚታየውን አሰባስቦ የያዘ ነው። አንድ መምህር ከሚስቱና ከሦስት ዓመት ልጁ ጋር በወልድያ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ተከራየ እንበል። ደመወዙ ስላልበቃው የኋለኛውን ክፍል ለአንድ ወጣት ሠራተኛ አከራየ። ወጣቱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለትምህርት የመጡ ሁለት ወንድሞቹን አስገባ። ክፍሉ በአንድ በኩል 3 ሜትር፥ በሌላው በኩል 3 ሜትር ነው፤ መስኮቱም ሌባ እንዳይገባበት በሚስማር ተመቷል። ወጣቱ ከወር በላይ ያስለው ጀመር፤ ነገር ግን «ታሞአል ተብዬ ከነወንድሞቼ ብባረር የት እገባለሁ?» ብሎ ሳሉን በጋቢ እየሸፈነ ደበቀው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ «በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ብላ ስትጠይቅ፥ መምህሩ ባለቤቱ እንዳይሰማበት ፈርቶ «ሦስት ነን» አለ። በመዝገብም ሦስት ተብሎ ተጻፈ። በመጨረሻ ወጣቱ ሳሉ ሲበረታበት ማንም ሳያውቅ ወደ መርሳ ሄዶ በጓደኛው ክፍል ሌላ ደባል ሆነ። ከዚያ በኋላ የመምህሩ ልጅ ከሳ፤ ያተኩሰውና ያስለውም ጀመር። ሐኪሙ የሳምባ ነቀርሳ መሆኑን ከመረመረ በኋላ «አብሮአችሁ የሚያስለው ሰው ነበረን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ መምህሩ የሚመልሰው ጠፋው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም ቤት እንዳያጣ የፈራ ሰው ነው። ሆኖም በቍጥር ያልገቡትን ሦስት ሰዎች ሰው ሳይቈጥራቸው በሽታው ቈጠራቸው።

በሽታው የሚሄድበትን መንገድ ባጭሩ እንግለጥ። የሳምባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተውሳክ በዓይን የማይታይ መሆኑን የጀርመን ተወላጅ የሆነው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ዓ.ም. ገልጧል። በሽተኛው ሲያስል፥ ሲያስነጥስና ሲናገር እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ከአፉ ይወጣሉ፤ በተዘጋ ክፍልም ለብዙ ሰዓት በአየር ላይ ተንሳፈው ይቈያሉ። ከእርሱ ጋር ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍስ ሰው ያንኑ አየር ይስባል። መስኮት ሲከፈት ግን ነፋሱ ጠብታውን ይበትነዋል፤ የፀሐይም ብርሃን ተውሳኩን ይገድለዋል። በሳሕን፥ በብርጭቆና በእጅ መጨባበጥ ግን የሳምባ ነቀርሳ አይተላለፍም። ስለዚህ የደባሉን ሲኒ ለይቶ መስኮቱን ዘግቶ ማደር ጥንቃቄው የተገለበጠ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቅማል ነው። ተስቦና ግርሻ የሚባሉት ትኩሳቶች የሚተላለፉት በልብስ ስፌት ውስጥ በሚኖረው ቅማል ነው። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. በቱኒስ ከተማ አረጋግጦ፥ በዚሁ ሥራው በ1928 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ቅማል ትኩሳት የያዘውን ገላ ትቶ ወደ ጤነኛው ይሸሻልና፥ አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት ሰው በሆነበት ክፍል ክረምቱ ሲበረታ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዝለል አይቸግረውም።

ሦስተኛው የወባ ነገር ነው። የአጎበር እደላ የሚታሰበው በቤተ ሰቡ ቍጥር ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት «ሦስት ነን» ካለ ሦስቱ ያለ አጎበር ያድራሉ። በአራተኛ ደረጃ የከሰል ጭስን እናነሣለን። ደባል ብዙ ጊዜ ማድ ቤት ስለሌለው የከሰል ምድጃውን ከመኝታው አጠገብ ያነዳል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ አየር ሽታም መልክም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኛውን ሰው ሳይነቃ አፍኖ ይገድለዋል። በአምስተኛ ደረጃ መጸዳጃው አለ። ለአንድ ቤተ ሰብ የተቈፈረ ጉድጓድ የሦስት ቤተ ሰብ ሲሆን ፈጥኖ ይሞላል፤ የሁሉ የሆነውንም ማንም አያጸዳውም።

ደባልን ስለ መቍጠር ከሌላው ዓለም ታሪክ የምንማረው አለ። በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ዓመታት የሠራተኛው ሕዝብ ቤቶች በደባል ተጨናንቀው ተስቦ ይፈጃቸው ነበር። የከተማው ሹማምንት ትንንሾቹን ቤቶች በየተራ ለክተው፥ በቤቱ ስንት ሰው ሊያድር እንደሚገባ የሚገልጽ የብረት ምልክት በበሩ ላይ መቱ። ለአንድ ዐዋቂ ሰው የተመደበው 300 ኪዩቢክ ጫማ፥ ይኸውም 8 ሜትር ኩብ ተኩል ያህል አየር ነበር። ተቈጣጣሪዎችም ሌሊት እየመጡ የተኙትን ሰዎች ይቈጥሩ ነበር። ልኬቱ መልካም ነው፤ የሌሊቱ ፍተሻ ግን ጉድለት ነበረበት። ሰዎቹ ሌላ ማደሪያ ስላልነበራቸው ተቈጣጣሪው ሲመጣ በቁም ሣጥን ውስጥና በጣራ ላይ ይሸሸጉ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፥ ሰውን ለማስወጣት የሚደረግ ቈጠራ ሰውን እንደሚያሸሽግ፥ ለመርዳት የሚደረግ ቈጠራ ግን እንደሚገልጠው ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት እንዲቀር ደንግጎ ነበር። ሰው ግን ማደሪያ መፈለጉን አልተወም፤ በየቀበሌው ቤት በደባልነት ያድር ነበር። በአዋጅ የተከለከለው ነገር በጓዳ ቀጠለ ማለት ነው።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ? ዋናው ተከራይም ደባሉም የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

1ኛ/ ክፍሉን ለኩ። በአደጋ ጊዜ ለሚሠሩ መጠለያዎች እንኳ በዓለም የታወቀው ዝቅተኛ ልክ ለአንድ ሰው 3 ሜትር ተኩል ካሬ ነው። በዚህ ሒሳብ 3 በ3 የሆነ ክፍል 9 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ ለ2 ሰው፥ 3 በ4 የሆነው 12 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ ለ3 ሰው ይበቃል። የጣራው ከፍታ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን በግላስጎው ልክ የሚገኘውም ቍጥር ያው ነው። ከዚህ በላይ ሰው ማስገባት የኪራይ ገንዘብ ቢጨምርም የሕክምና ወጪ ያስከትላል።

2ኛ/ የተመታውን መስኮት ክፈቱ። ሌባ የሚያስፈራ ከሆነ ሚስማሩን ነቅሎ ፍርግርግ ብረት ወይም ወንፊት ሽቦ ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል ቢሆን ትንፋሽ ለትንፋሽ አይገናኝም።

3ኛ/ ከሰል ከውጭ ይቀጣጠል፤ ሰው በተኛበት ክፍል ምድጃ አይደር።

4ኛ/ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ብርድ ልብስ ይኑረው፤ ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ እየታጠበ በፀሐይ ይሰጣ።

5ኛ/ የመጸዳጃ ማጽጃ ተራ በወረቀት ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ። በአደጋ ጊዜ መጠለያ እንኳ አንድ መጸዳጃ ከ20 ሰው በላይ እንዲጠቀምበት አይመከርም። የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ከአጠገቡ አይታጣ፤ የማንም ፈንታ ሆኖ እንዳይቀርም ወጪው ለሁሉ ይከፈል።

6ኛ/ ውላችሁን ጻፉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ በደነገገበት ክፍል ስለ ተከራይ አከራይም ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 ደግሞ፥ በሚፈጸምባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዝዟል። ስለ ከተማችሁ አሠራር ከከተማው አስተዳደር ጠይቃችሁ ተረዱ። በውሉ የኪራዩ ልክ ብቻ ሳይሆን የሚያድረው ሰው ቍጥር፥ የመብራትና የውሃ ቈጣሪ ድርሻና የመጸዳጃው ተራ ይጻፍ። ባለቤቱም አስቀድሞ ይወቅ፤ ባለቤቱ የሚያውቀውን ደባል ከጤና ባለሙያ የሚደብቅ አይኖርም።

7ኛ/ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስትጠይቅ በቤቱ ያደረውን ሰው ሁሉ በትክክል ንገሯት። መዝገቧ የኪራይ ወይም የግብር መዝገብ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ደባል በታመመ ጊዜ የሚደረገው ነው። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ያለ መዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። በሽተኛው መድኃኒቱን በሚገባ መውሰድ ከጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለሌላው የማስተላለፍ ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል። አብረውት ያደሩት ሁሉ፥ ይልቁንም ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ይመርመሩ፤ ለሚገባቸውም በሽታውን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣቸዋል። እንግዲህ መድኃኒት የጀመረ ደባል በክፍሉ መስኮት ከፍቶ ቢቀመጥ አስጊነቱ ይቀንሳል። የሚያሰጋው የተባረረው ነው። ቤት ሲያጣ መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ ተውሳኩም መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ሰውየውም የባሰውን በሽታ ይዞ ወደ ሌላ ሰው ጓዳ ይገባል። «ሳልህን አትደብቅ፤ ታክመህ እዚሁ ትኖራለህ» የሚለው ቃል የገዛ ልጆቻችንን የሚጠብቅ ቃል ነው።

በመጨረሻ ለመምህራን አንድ አደራ አለን። ከተማሪዎቻችሁ ብዙዎቹ በኪራይ ክፍል የሚያድሩ ናቸው። በሒሳብ ትምህርት ጊዜ ሜትር አስይዛችሁ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያድርበትን ክፍል እንዲለካ፥ ለስንት ሰው እንደሚበቃም እንዲያሰላ አድርጉ። ውጤቱን በክፍል ፊት እንዲያነብ ግን አታስገድዱት፤ ድህነቱን ማጋለጥ አስተማሪነት አይደለም። በማግሥቱ መስኮቱን ከፍቶ ያደረ ተማሪ ከተገኘ ትምህርቱ ሠምሯል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። በሽተኛውን የደበቀ ቤትም እንዲሁ ነው። ዛሬ ማታ በር ከመዝጋታችሁ በፊት በቤታችሁ የሚያድሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ቍጠሩ፤ ደባሉንም ከነወንድሞቹ አትዝለሉት።