የአቀስታ አየርና አሮጌው ሞተር ሳይክል
አሮጌ ሞተር ሳይክል ዳገት ላይ ሲደክም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማርሚታው ነው። «ታፍኗል» ይባልና ሆዱ ተከፍቶ ውስጡ ይወጣል፤ ካልሆነም ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሌላ ጭስ ማውጫ ተገዝቶ ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አንዳንዴ በእርግጥ የተሻለ ይጎትታል፤ አሽከርካሪው የሚሰማውን ለውጥ መካድ ተገቢ አይሆንም። በአቀስታና በመካነ ሰላም ደጋ ላይ ግን የዚህ ለውጥ ምክንያት በአብዛኛው ሌላ ነው፦ በከፍታው የተነሳ የተዛባው የቤንዚንና የአየር ድርሻ በአጋጣሚ ወደ ልኩ መጠጋቱ ነው። ይህንኑ ከካርቡራተሩ ማግኘት ይቻላል፤ ወጪውም ትንሽ ነው፣ በገበያ ቀን በመንገዱ የሚያልፈውን የጭነት በቅሎም አያስደነብርም።

አቀስታ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በባሕር ወለል 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ ከፍታ ላይ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚይዘው ቦታ ያው ቢሆንም የሚገባለት አየር ክብደት በሩብ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ይህን ጉድለት ማርሚታም ሆነ መካኒክ አይመልሰውም። ሊመለስ የሚችለው ሁለተኛው ጉዳት ነው። ካርቡራተር አየር በጠባብ ጉሮሮው ሲያልፍ በሚፈጠረው መሳብ ቤንዚን ያወጣል እንጂ ያለፈው አየር ስንት እንደመዘነ አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚን ቢቀንስም በአየሩ ልክ አይቀንስም። ሲሰላ፣ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር 3000 ሜትር ላይ ከሚገባው 16 በመቶ ያህል የበለጠ ቤንዚን ይሰጣል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ስለሚፈልግ፣ ትርፉ በወጉ ሳይቃጠል ይወጣል፤ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል፣ የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ፋሻውን ያስበላል። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ በውድ በሚሸጥበት የገጠር ከተማ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

አሁን ማርሚታው ሲከፈት፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉትም የአየር ማጣሪያው አብሮ ሲወልቅ፣ አየር እንደልቡ ይገባል፤ ድብልቁ ይሳሳል። ከፍታው ያበዛው ቤንዚን በዚህ ይካካሳል፤ ሞተሩም ይነቃል። ችግሩ የሚመጣው መንገዱ ሲወርድ ነው። ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃሙ ግንደወይን የሚሄድ ሰው በአንድ ጉዞ ከደጋው ወደ በረሃው ሸለቆ ይወርዳል። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ከፍታው የሰጠው ትርፍ ቤንዚን በአብዛኛው ይጠፋል፤ የተከፈተው ማርሚታና የወለቀው ማጣሪያ ያሳሱት ድብልቅ ግን እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ደግሞ ሁለት ሰውና ጭነት ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጋዝ እስከ መጨረሻው ተስቦ የጎጃሙን ዳገት መውጣት አለ። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ የሚግለው፣ ፒስተኑም የሚይዘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

የካርቡራተሩ መፍትሔ ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ዕቃ፣ ጂግለሩን፣ በአነስተኛ መተካት ነው። «ታዲያ አነስ ያለ ጂግለር መግጠምስ ያው አደጋ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ጥያቄው ልክ ነው። ሆንዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለአሜሪካ ገበያ ባዘጋጃቸው የጥገና መጻሕፍት ከ2000 ሜትር በላይ ዋናው ጂግለር እንዲያንስ ሲያዝ፣ በዚያው ማስተካከያ ከ1500 ሜትር በታች መንዳት ሞተሩን ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ልዩነቱ ጂግለር ቁጥር ያለው፣ ልኩ የሚታወቅና ተመልሶ የሚቀየር ዕቃ መሆኑ ነው፤ የተፈነቀለ ማርሚታ ግን መንገድ ዳር አይሞላም። ኬሂን በሚባለው ካርቡራተር ላይ 100 ቁጥር ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ከላይ ያለው ስሌት ለ3000 ሜትር ወደ 93 ያወርደዋል፤ 95 ላይ መቆም ለጥንቃቄ ይበጃል። ዓባይን አዘውትሮ የሚሻገር ሰው ዋናውን ጂግለር ባይነካ ይሻለዋል። የካርቡራተሩን መርፌ ቅንጥብ አንድ እርከን ከፍ ቢያደርግ መርፌው ዝቅ ብሎ በመካከለኛ ጋዝ የሚባክነው ቤንዚን ይቀንስለታል፤ ጋዝ ሙሉ ሲሳብ ግን የዋናው ጂግለር ልክ ይጠብቀዋል።

እንደ ያማሃ ዲቲና ኤጂ 100 ባሉት ባለሁለት ምት ሞተሮች ላይ የማርሚታው ጉዳይ ይብስበታል። የእነዚህ ጭስ ማውጫ ሆዱ ያበጠው ለድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከጫፉ የሚመለሰው የግፊት ሞገድ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ዋልተር ካደን የተባለው የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ኤምዜድ ፋብሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህን አሠራር አበልጽጎታል፤ የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርነስት ዴግነር እ.ኤ.አ. በ1961 ከድቶ ዕውቀቱን ለሱዙኪ ሲያደርስ፣ በማግሥቱ ዓመት ሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ሆድ ቆርጦ ቀጥ ያለ ቧንቧ መበየድ ጉልበትን ቆርጦ መጣል ነው። የባለሁለት ምት ማርሚታ በዘይት ጥላሸት በእርግጥ ይደፈናል፤ መድኃኒቱ አውርዶ ጥላሸቱን ማጽዳት ነው።

ካርቡራተሩ ከመነካቱ በፊት ማጣሪያው ይጽዳ፣ ሞተሩ ባለአራት ምት ከሆነም የቫልቭ ክፍተቱ ይለካ። ከዚያ በሙሉ ጋዝ ዳገት ተወጥቶ፣ ሞተሩ እዚያው ጠፍቶ ካንዴላው ይፈታ፦ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ጂግለርን በሽቦ መጎርጎር ግን መቅረት አለበት፤ ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የተጻፈበትም ቁጥር ከዚያ ወዲያ ውሸት ይሆናል። በቤንዚን ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይበቃዋል። የደሴ መለዋወጫ ነጋዴዎችም ከሚጮሁት ማርሚታዎች ጎን አነስተኛ ቁጥር ያላቸውን ጂግለሮች ቢያስቀምጡ፣ ለአቀስታ፣ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ደጋ አሽከርካሪ የሚጠቅመው ያ ነው።