ሮለር ስኬቲንግ

ሮለር ስኬቲንግ ከሥሩ ጎማ ያለው ጫማ አድርጎ በአስፋልት ወይም በለስላሳ ወለል ላይ የመንሸራተት ስፖርትና መዝናኛ ነው። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይና በቦሌ መንገድ አካባቢ ይዘወተራል። የልጆች ጨዋታ ብቻ ቢመስልም አዋቂም ሊለምደው ይችላል፤ ጀማሪው ከፍጥነት በፊት አወዳደቅንና አቋቋምን መማር አለበት።

ታሪክ

ከሚታወቁት ቀደምት ባለ ጎማ ጫማዎች አንዱን በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለንደን ይኖር የነበረው ፈልሳፊ ጆን ጆሴፍ መርሊን ሠራ። በ1863 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጄምስ ፕሊምፕተን ፊትና ኋላ በጥንድ የተደረደሩ አራት ጎማዎች ያሉት፣ ሰውነት ወደ ጎን ሲያዘነብል የሚታጠፍ ጫማ አወጣ። ይህ ዓይነት ኳድ ይባላል። ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተሰለፉበት ደግሞ ኢንላይን ይባላል።

በአዲስ አበባ

ከተማዋ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች ትወርዳለች። ቁልቁለት ፍሬን መያዝ ላልለመደ ሰው አደገኛ ስለሆነ፣ ከሰሜኑ ይልቅ የቦሌና አካባቢው ሜዳማ ሥፍራዎች ለጀማሪ ይመቻሉ። የብዙ ሰፈሮች የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን በመሆኑ ጎማው ይንገጫገጫል፤ በክረምት ደግሞ እርጥብ አስፋልት ያንሸራትታል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዋና ዋና መንገዶችን በተወሰኑ እሑዶች ለተሽከርካሪ በመዝጋት ለእግረኛና ለስኬተሮች ክፍት አድርጓል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ታድሶ የተመረቀው መስቀል አደባባይም የስኬተሮች መሰብሰቢያ ነው።

የጀማሪ ትምህርት

ጀማሪው ሄልሜት፣ የጉልበት፣ የክርንና የእጅ አንጓ መከላከያ ያስፈልገዋል። ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ስለሚዘረጋ በብዛት የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው። ስለዚህ ቆሞ ሳለ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ማለትን፣ ሚዛኑን ሲስት ወደ ፊት በጉልበት መከላከያው ላይ ማረፍን ይለማመዳል። ሲነሣ መጀመሪያ አንድ እግሩን ተክሎ፣ እጆቹን በዚያው ጉልበት ላይ ደግፎ ነው።

ቀጥሎ ተረከዙን አቀራርቦ፣ ጣቶቹን ወደ ውጭ ከፍቶ በአጫጭር እርምጃ ይሄዳል፤ ከዚያ በአንድ እግር እየገፋ በሌላው ይንሸራተታል። የኢንላይን ፍሬን ብዙውን ጊዜ ከተረከዙ ኋላ፣ የኳድ ግን ከጣቶቹ ፊት ይገኛል። ለአስፋልት ለስለስ ያለ ጎማ ይመረጣል፤ ትናንሽ ጠጠሮችንና ስንጥቆችን ያለ ብዙ ንዝረት ያልፋል። ተሽከርካሪ ይዞ መጎተት ለሕይወት አስጊ ነው፤ መኪናው ድንገት ሲቆም ስኬተሩ አብሮ ሊቆም አይችልም።

ሮለር ደርቢ

ከስኬቲንግ ከተወለዱት ስፖርቶች አንዱ በ1935 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተጀመረው ሮለር ደርቢ ነው። ዛሬ የሚታወቀው ግን ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በኦስቲን፣ ቴክሳስ ሴቶች ያንሠራሩት ነው። ከየቡድኑ አምስት ሰው ወደ ሞላላ መሮጫ ይገባል፤ አንዷ «ጃመር»፣ አራቱ «ብሎከር» ናቸው። ጃመሯ ተጋጣሚዎቿን አንድ ጊዜ ካለፈች በኋላ፣ በቀጣዮቹ ዙሮች በምታልፋት እያንዳንዷ ተጋጣሚ ነጥብ ታገኛለች። አንድ ፍልሚያ ቢበዛ 2 ደቂቃ ይፈጃል። በትከሻና በዳሌ መግፋት ይፈቀዳል፤ በክርን መምታትና ማደናቀፍ ግን 30 ሰከንድ ያስቀጣል። ብዙዎቹ ተጫዋቾች በአዋቂነት የጀመሩ ናቸው፤ ግፊያ ከመግባታቸው በፊት የሚማሩትም ያንኑ መውደቅና መነሣት ነው።