በእሳት የሚጸና ሥዕል

በየቤቱ የሚገኘውን ነጩን የብረት ሳህን የማያውቅ ሰው የለም። ውስጡ ብረት፥ ላዩ ግን የቀለጠ ብርጭቆ ነው፤ ይኸውም ኤናሜል የሚባለው ነው። ይህ ለሳህን ልብስ የሆነው ነገር በጌጥ ሠሪ እጅ በገባ ጊዜ የሥዕል ሰሌዳ ይሆናል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ብርጭቆው እንደ ዱቄት ተፈጭቶ በስስ መዳብ፥ በብር ወይም በወርቅ ላይ ይነሰነስና 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ይቀልጣል። ሲቀዘቅዝ እንዳይጎብጥና እንዳይሰነጠቅ ጀርባውም እንዲሁ ይለበሳል። ከዚህ በኋላ ሠዓሊው ከማዕድን የተዘጋጀውን ቀለም በዘይት ለውሶ በቀጭን ብሩሽ ይሥላል፤ ብርቱ እሳት የሚችለውን ቀለም አስቀድሞ፥ የማይችለውን አስከትሎ፥ ደጋግሞ ወደ ምድጃ ያገባዋል። የብራና ጸሐፊ ቢሳሳት በካራ ፍቆ ያርማል፤ የኤናሜል ሠዓሊ ግን ስሕተቱን ማጥፋት የሚችለው እሳት ሳይነካው ነው። በጄኔቭ የተወለደው ዣን ፔቲቶ (1607–1691 እ.ኤ.አ.) ለእንግሊዝ ንጉሥ ለቀዳማዊ ቻርልስና ለፈረንሳይ ንጉሥ ለዐሥራ አራተኛው ሉዊ በዚህ ጥበብ የሣላቸው ትንንሽ መልኮች እስከ ዛሬ ቀለማቸው አልደበዘዘም።

ነገሩ ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአርመን ተወላጅ የነበረው ጌጥ ሠሪ ሴቫጂያን በአዲስ አበባ የመንግሥት ኒሻኖችን ያዘጋጅ ነበር፤ ከነዚህም ኤናሜል የለበሱ ይገኙባቸዋል። ዳሩ ግን መስቀልና ድሪ የሚሠራው አንጥረኛና በብራና ላይ ሐረግ የሚሥለው ሠዓሊ ተለያይተው ኖረዋል። ሠዓሊው ሲከበር፥ በእሳት የሚሠራው ሰው ጠይብ፥ ቡዳ እየተባለ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ። ባስልኤል ወርቅንና ብርን እንዲሠራ ጥበብ እንደ ተሰጠው በኦሪት የሚያነብብ ሰው አንጥረኛን መናቅ እንዴት ይቻለዋል?

ይህ ሥራ ታላቅ ፋብሪካ አይፈልግም። በጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ትበቃዋለች። በአቃቂ ቃሊቲ በገላን ኮንዶሚኒየም በአንዲት ክፍል የሚኖር ወጣት እንኳ አየር የሚገባበት መስኮትና የማይቋረጥ መብራት ካገኘ ሊሠራው ይችላል። የጎደለው የሚያስተምረውና የሚያሠራው ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት አለቆች ለሽልማት የሚሰጡትን ጌጥ ቢያሠሩት፥ ሊቃውንትም የሐረግን አጣጣል ቢያስተምሩት፥ ተለያይተው የኖሩት ሁለቱ ጥበቦች በአንድ ሰው እጅ ይገናኛሉ።