ምድጃው በእርግጥ እንጨት ይቆጥባልን?
(የአካባቢ ጥበቃ ቴክኖሎጂዎችን የሥራ ብቃት ስለ ማረጋገጥ፤ ለግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ምድጃ፣ የፀሐይ መብራት ወይም የባዮጋዝ ማብላያ የሚያቀርቡ ሁሉ ዕቃቸው «ይህን ያህል በመቶ ይቆጥባል» ማለታቸው የተለመደ ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛውም ቁጥሩን ተቀብሎ ለገበሬው ያስተላልፋል። ቁጥሩ እንደተባለው ሆኖ ባልተገኘ ጊዜ ግን የሚወቀሰው ዕቃውን ሸጦ የሄደው ሳይሆን፣ ገበሬው በየሳምንቱ የሚያገኘው የልማት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ለካውና በምን ሁኔታ እንደ ተለካ መጠየቅ የሥራችን አንዱ ክፍል መሆን አለበት።

ነገሩን በቅርብ ያየሁት ገጠር ሳልወጣ ነው። አክስቴ ውቤ በረሃ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ለፒያሳ ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር። መብራት በሚጠፋበት ቀን የምትጠቀምበት አንድ የሲሚንቶ ምድጃ ገዛች፤ ሻጩም የእንጨት ወጪዋን በግማሽ እንደሚቀንስላት ነግሯት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ግን «የእንጨቱ ክምር እንደ ድሮው ነው የሚያልቀው፤ ምድጃው ውሸታም ነው» አለችኝ። ሄጄ ሳየው ምጣዷ ከምድጃው አፍ ስለሚያንስ ነበልባሉ በዙሪያው ባለው ክፍተት ይወጣል። ባሕር ዛፉም ገና እርጥብ ነበር። ምድጃው ውሸታም አልነበረም፤ ሻጩም ምናልባት አልዋሸም። የጠቀሰው ቁጥር በደረቅ እንጨትና በልኩ በተሠራ ምጣድ የተገኘ ነው፤ አክስቴ ደግሞ የምትጋግረው በሌላ ሁኔታ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ከናረና የደን መመናመን ካሳሰበ ወዲህ በብዙ አገሮች የተሻሻሉ ምድጃዎች ተሠሩ። ሁሉም በየራሱ መንገድ እየለካ ውጤቱን ስለሚያወጣ፣ የአንዱን ምድጃ ከሌላው ማወዳደር አልተቻለም። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1982 ቪታ የተባለው የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ድርጅት የልዩ ልዩ አገሮችን ባለሙያዎች ሰብስቦ የጋራ የመለኪያ ዘዴ እንዲረቀቅ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1985ም ታተመ። ዘዴዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው በላቦራቶሪ ውሃ የማፍላት ሙከራ ነው፤ ሁለተኛው አንድን የተወሰነ ምግብ በቁጥጥር የማብሰል ሙከራ ነው፤ ሦስተኛው በቤተሰቡ ማዕድ ቤት ውስጥ ለቀናት የሚጠፋውን ማገዶ መመዘን ነው። እነዚህ ሦስቱ እስከ ዛሬ መሠረት ሆነው ይሠራሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይ.ኤስ.ኦ.) እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የምድጃ ላቦራቶሪ ሙከራ ደረጃ ከማገዶ ቁጠባ ሌላ ጭስ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደኅንነትና ዕድሜም እንዲለኩ ተደርጓል።

ከምድጃ ውጪ ላሉ ቴክኖሎጂዎችም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ካናዳ በ1997፣ በኋላም የአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ ቴክኖሎጂን ብቃት የሚያረጋግጥ ፕሮግራም ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አምራቹ ስለ ዕቃው የሚለውን በቁጥር ይጽፋል፤ ከአምራቹም ከገዢውም ነጻ የሆነ ሦስተኛ ወገን ሙከራውን መርምሮ «የተባለው እውነት ነው» ወይም «በዚህ ሁኔታ ብቻ እውነት ነው» ብሎ መግለጫ ይሰጣል። በየአገሩ እንደገና መፈተን ወጪ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ የተረጋገጠ በሌላውም አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ አገሮቹ ተስማምተው ሠሩ፤ ከዚህም እ.ኤ.አ. በ2016 አይ.ኤስ.ኦ. 14034 የተባለው ደረጃ ወጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ይህ መግለጫ ዕቃው «ጥሩ ነው» አይልም፤ አለፈ ወይም ወደቀ የሚባልበት ወሰንም የለውም። የሚለው አምራቹ የጠቀሰው ቁጥር ትክክል መሆኑን ብቻ ነው። ትንሽ የሚቆጥብ ዕቃም ትንሽ መቆጠቡን በእውነት ከተናገረ መግለጫውን ያገኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። ይህ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገር ውስጥ የኢነርጂ ባለሙያዎች የተሠራ ሲሆን፣ በኋላ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ በየክልሉ ተሰራጭቷል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ በስድስት ክፍል ተገጣጥሞ የሚቆም ሲሆን ከኋላው ለድስት የሚሆን ቦታ አለው። ሲተዋወቅ የኖረው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እስከ 50 በመቶ ይቆጥባል እየተባለ ነው። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች በገጠር ቤተሰቦች ዘንድ በቁጥጥር የመጋገር ሙከራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ግን የተገኘው ቁጠባ ከ22 እስከ 31 በመቶ ነበር፤ የመጋገሪያው ጊዜም እምብዛም አልጨመረም።

ይህን ውጤት አንዳንዱ ምድጃውን ለመንቀፍ ይጠቀምበታል። በእኔ አስተያየት ስህተት ነው። ከአራት ሸክም እንጨት አንዱን የሚያስቀር ምድጃ ለአንዲት ሴት የግማሽ ቀን መንገድ ሊያስቀርላት ይችላል። የሚጎዳው ግማሽ ይቆጥባል ብሎ ሩብ ማቅረብ ነው፤ ገበሬው በሁለተኛው ዕቃ ላይ አያምነንምና።

ውሃ የማፍላቱ ሙከራ ለእኛ ያለበትን ጉድለትም ማወቅ ያሻል። ሙከራው የተመሠረተው በድስት ላይ ነው። ምጣድ ግን ሰፊና ወፍራም ሸክላ ነው፤ መጀመሪያ ሊግል ብዙ እሳት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በሙሉ ገጽታው እኩል ካልሆነ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ድስት ላይ ጥሩ ውጤት ያገኘ ምድጃ ምጣድ ላይ እንዲሁ ይሆናል ማለት አይቻልም። ስለዚህ አቅራቢው የሚያሳየን ወረቀት የማፍላት ሙከራ ብቻ ከሆነ፣ ለእንጀራ በቂ ማስረጃ አይደለም።

ማኅበሩ ብዛት ያለው ምድጃ ከመግዛቱ በፊት ራሱ ሊሞክር ይችላል። የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ሰዓትና ደብተር ነው። ጋጋሪዋ አንድ ትሁን፤ ሊጡም ከአንድ ቡሆ ይቀዳ፤ እንጨቱ ከአንድ ክምር የተወሰደ ደረቅ ይሁን፤ ሁለቱም ምድጃዎች ከቀዝቃዛ ይጀምሩ። በአዲሱ ምድጃ ከመለካቱ በፊት ጋጋሪዋ ጥቂት ቀን ትለማመድበት፤ እጇ ያልለመደው ምድጃ ሁልጊዜ ያባክናል። ሙከራው በእያንዳንዱ ምድጃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገም።

ለምሳሌ ያህል በሁለቱም ምድጃ 12 ኪሎ የሚመዝን እንጀራ ተጋገረ እንበል። በሦስት ጉልቻ 12 ኪሎ እንጨት ገባ፤ በመጨረሻም 1 ኪሎ ፍም ተረፈ። በአዲሱ 8.2 ኪሎ እንጨት ገባ፤ የተረፈው ፍም 400 ግራም ነው። ፍሙ ገና ያልተቃጠለ ኃይል ስለሆነ በ1.5 ተባዝቶ ከእንጨቱ ይቀነሳል። ስለዚህ በሦስት ጉልቻ የጠፋው 10.5 ኪሎ፣ በአዲሱ 7.6 ኪሎ ይሆናል። ለአንድ ኪሎ እንጀራ ሲካፈል 875 ግራምና 633 ግራም ገደማ ነው፤ ቁጠባውም 28 በመቶ ያህል ይሆናል። ፍሙን ረስተን ብናሰላ 32 በመቶ ይመጣ ነበር። ብዙ የተጋነኑ ቁጥሮች የሚወለዱት በእንዲህ ያለው ትንሽ ስህተት ነው። ሌላው ደግሞ ማነጻጸሪያው ነው፤ በአካባቢው ሰው የሚጋግረው ዙሪያው በጭቃ በተዘጋ ምድጃ ከሆነ፣ ማወዳደር ያለብን ከዚያው ጋር እንጂ ከሦስት ጉልቻ ጋር አይደለም፤ የጭቃው ምድጃ ራሱ ይቆጥባልና። ማገዶ መቆጠብና ጭስ መቀነስም አንድ አይደሉም፤ ጭሱ ለብቻው ይለካል።

የፀሐይ መብራት ግን በደብተርና በሚዛን አይፈተንም፤ ባትሪው የሚዳከመው ከወራት በኋላ ነው። ለዚህ የዓለም ባንክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ላይቲንግ አፍሪካ ጠቅሞናል። ጥራታቸው የተረጋገጠ መብራቶች በሞዴል ስማቸው ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ዝርዝር ይወጣሉ፤ ሥራውን ከ2020 ጀምሮ ቬራሶል የተባለው ፕሮግራም ይዞታል። ለፍተሻ የሚቀርበው ናሙና ከመጋዘን ወይም ከገበያ የሚወሰድ እንጂ አምራቹ መርጦ የሚልከው አይደለም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ በካርቦን ሽያጭ ስም ምድጃ በነጻ ወይም በርካሽ የሚያድሉ ፕሮጀክቶች ወደ ማኅበራት እየመጡ ነው። እዚህ የሚሸጠው ራሱ ቁጥሩ ነው፤ ስለዚህ የማጋነን ፈተናው ከፍ ይላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ባወጡት ጥናት በናሙና ያዩዋቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች ከተገቢው በአማካይ 9 ጊዜ ያህል የበለጠ ክሬዲት እንደ ተሰጣቸው ገምተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሰዎች አዲሱን ምድጃ ምን ያህል እንደሚጠቀሙበት፣ አሮጌውንም ጎን ለጎን ማንደዳቸውን አለመቁጠር ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እንዲህ ያለ ውል ላይ ከመፈረሙ በፊት አጠቃቀሙን ማን እንደሚቆጥር፣ በስንት ጊዜ አንድ ጊዜ እንደሚቆጥርና ቆጣሪው ደመወዙን ከማን እንደሚቀበል ይጠይቅ።

አቅራቢው የምስክር ወረቀት ሲያቀርብ በወረቀቱ ላይ ያለው የሞዴል ስም ከዕቃው ጋር አንድ መሆኑን፣ ሙከራው የተደረገበትን ዓመት፣ የላቦራቶሪውን ስምና ላቦራቶሪው ለዚያ ዓይነት ሙከራ እውቅና ያለው መሆኑን ተመልከቱ። ለሌላ ሙከራ የተሰጠ እውቅና ለዚህ አይሠራም። ጥርጣሬ ካለ ቅጂው ለወረዳው ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ስታንዳርድ ኢንስቲትዩት ይላክ፤ መልሱ እስኪመጣም ክፍያው ይቆይ።