ዜማ ደራሲው ብቻውን ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ፦ ከፖፕ ወደ ክላሲካል የፒያኖ ድርሰት ስለተሻገሩ ሙዚቀኞች



የዛሬውን ንግግር በካሴት ሽፋን ልጀምር። በዕድሜ የምትመስሉኝ ታስታውሳላችሁ፤ በሀገራችን የካሴት ሽፋን ላይ ከዘፋኙ ስም ሌላ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብለው ሦስት ሥራዎች ለየብቻ ይጻፉ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሦስት ሰዎች ስም ነበር። ይህ ልማድ ትልቅ ዕውቀት የያዘ ነው። ዜማ ማፍለቅና የፈለቀውን ዜማ በመሣሪያዎች ማዋቀር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ያለ ምንም ንድፈ ሐሳብ ይመሰክራል። የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ግን ሁለቱን በአንድ ስም ይጠቀልላቸዋል። «ሾፓን» ስንል ዜማውም፣ የግራ እጁ እያንዳንዱ ኖታም፣ የፔዳሉ ምልክትም የእርሱ ነው ማለታችን ነው። በፖፕ ሙዚቃ ስማቸው ገንኖ ወደ ክላሲካል ፒያኖ የተሻገሩ ሰዎች የሚሰናከሉትም ሆነ የሚጸኑት በዚህ ድንበር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋናው ምሳሌዬ አሜሪካዊው ቢሊ ጆኤል ነው። በ1949 የተወለደው ይህ ሙዚቀኛ በልጅነቱ የክላሲካል ፒያኖ ትምህርት ወስዷል፤ አባቱም የክላሲካል ሙዚቃ ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። በ1983 ባወጣው «ዚስ ናይት» በተሰኘ ዘፈኑ አዝማች ላይ የቤቶቨንን «ፓቴቲክ» ሶናታ ሁለተኛ ክፍል ዜማ ወስዶ ተጠቅሟል፤ የቤቶቨንንም ስም ከደራሲነት አልነፈገውም። በ1993 «ሪቨር ኦፍ ድሪምስ» የተባለውን አልበም ካወጣ በኋላ የፖፕ አልበም ማሳተሙን ለረጅም ዘመን አቆመ። በ2001 ያቀረበው ሥራ ለብቸኛ ፒያኖ የተደረሱ ክፍሎችን የያዘ «ፋንታሲስ ኤንድ ዴሉዥንስ» የተሰኘ አልበም ነበር። ድርሰቶቹ እንደ አውሮፓ ሊቃውንት ሥራ የኦፑስ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ቫልሶች፣ አንድ ኢንቬንሽን፣ አንድ ስዊት፣ ፋንታሲና ሌሎችም አሉበት። ቀረጻው የተካሄደው ቪየና ውስጥ ነው። የተጫወተው ግን ጆኤል ራሱ ሳይሆን ህዩንግ ኪ ጁ የተባለ ፒያኒስት ነው፤ ደራሲው የራሱ የአጨዋወት ብቃት ለጻፈው ሙዚቃ እንደማይመጥን አምኗልና። ይህን እውነተኝነት አከብራለሁ። በዓለም ስታዲየሞች ፒያኖ እየተጫወተ የኖረ ሰው «ይህን እኔ አልችለውም» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም።

አልበሙ በአሜሪካ የክላሲካል ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኗል። ሽያጩ ግን የሚነግረን ስለ ስሙ ዝና እንጂ ስለ ድርሰቱ አይደለም። ሥራዎቹን የሚያደምጥ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ሾፓንንና ሹማንን ነው፤ መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የአነጋገር ዘይቤ ነው። ይህን «ቅጂ ነው» ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው። እኔ ግን «ለምን በተለይ ሾፓን?» ብሎ መጠየቁ የተሻለ ይመስለኛል። መልሱን በፒያኖው አሠራር ውስጥ እናገኘዋለን።

ዘፋኝ አንድ ድምፅ ይዞ ሊያቆየው፣ ሊያሳድገው፣ በመጨረሻም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በፒያኖ ግን መዶሻው አውታሩን መትቶ በተመለሰበት ቅጽበት ድምፁ መሞት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ጣት የሚያደርግለት ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ከጉሮሮ የተወለደ ዜማ እንዳለ ወደ ፒያኖ ሲዛወር ይከሳል። ለዚህ ችግር እጅግ የሠመረውን መፍትሔ ካበጁት አንዱ ሾፓን ነው። የግራ እጁ ኮርዱን እየበተነ በሰፊው ይጓዛል፤ ፔዳሉ ድምፆቹን አቀላቅሎ ያቆያቸዋል፤ ረጅሙ ኖታ በሚሞትበት ስፍራ ጌጥ ይገባል፤ ጊዜው ራሱ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። እንግዲህ በዘፈን የሚያስብ ሰው ዘፋኝ ሳይኖር ፒያኖውን ማዘፈን ሲፈልግ ወደዚህ ቤት ባይገባ ነበር የሚገርመው። ጆኤል የሾፓንን በር ያንኳኳው ችግራቸው አንድ ስለነበረ ነው። ቅር የሚያሰኘኝ ከገባ በኋላ የቤቱን ዕቃ ጨርሶ አለማንቀሳቀሱ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይከብዳል። በዘፈን ውስጥ ያው ዜማ ሦስት ጊዜ ቢመለስ አንሰለችም፤ ግጥሙ ተለውጧልና። በሁለተኛው ስንኝ ፍቅረኛዋ ሄዳለች፣ በሦስተኛው ክረምት ገብቷል፤ ዜማው ግን ያው ነው። ግጥሙን ስናነሳው መመለሱ ምክንያት ያጣል። ዜማው ራሱ ተለውጦ፣ ተሰባብሮ፣ ወደ ሌላ ቁልፍ ተሻግሮ መመለሱን ማስረዳት አለበት። የሶናታ ቅርጽ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ ለምን እንደሚቀጥል የሚመልስበት አንድ ዘዴ። የዘፈን ደራሲያን በአብዛኛው ያማረ ሐሳብ ካቀረቡ በኋላ ሌላ ያማረ ሐሳብ ይደርቡበታል። ከአራት ደቂቃ በኋላ ብዙ ያማሩ ነገሮች ሰምተናል፤ የትም ግን አልሄድንም። እንግሊዛዊው ኪት ኤመርሰን በ1977 «ወርክስ» በተሰኘው የቡድኑ አልበም ላይ ያቀረበው የፒያኖ ኮንቸርቶ ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት የታገለ ሥራ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፤ በተለይ ሦስተኛው፣ ቶካታው፣ ፒያኖውን እንደ ከበሮ ስለሚመታው ዘፈን የመሆን ፈተናው አይነካውም። ከጆኤል ቫልሶች ይልቅ እርሱን ደግሜ ብሰማ እመርጣለሁ።

የእኛን ሀገር የፒያኖ ሙዚቃ ለምን አላነሣም ትሉ ይሆናል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከዘፈን ገበያ የመጡ አይደሉምና የዛሬው ጥያቄ አይመለከታቸውም፤ ስለ እርሳቸው ሌላ ምሽት ያስፈልገናል።

ወደ ጽሑፍ ጉዳይ ልለፍ። ከቢትልሶች አንዱ የነበረው ፖል ማካርትኒ ኖታ አያነብም። በ1991 በሊቨርፑል ካቴድራል የቀረበውን ኦራቶርዮ የሠራው ከካርል ዴቪስ ጋር ሆኖ ነው፤ በ1995 ደግሞ «ኤ ሊፍ» የተሰኘ ለብቸኛ ፒያኖ የሚሆን ሥራ አቅርቧል። «ታዲያ ደራሲው ማን ነው?» የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር የካሴቱ ሽፋን ትዝ ይለኛል። በእኛ አጻጻፍ መልሱ አንድ መስመር ብቻ ይፈጃል፤ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ።

ጽሑፍ ግን ተራ ነገር አይደለም። የዲፕ ፐርፕል ኦርጋን ተጫዋች ጆን ሎርድ ለሮክ ቡድንና ለኦርኬስትራ የደረሰው ኮንቸርቶ መስከረም 24 ቀን 1969፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ቀረበ። በተከታዩ ዓመት የኖታው ጥራዝ ጠፋ። ሥራው በ1999 ዳግም በዚያው አዳራሽ የተሰማው ማርኮ ደ ጉይ የተባለ ሆላንዳዊ ሙዚቀኛ ቀረጻውን እየደጋገመ በማዳመጥ ኖታውን መልሶ ከጻፈና ሎርድም ካረመው በኋላ ነው። የዜማ ቤት ትምህርት የቀመሳችሁ ይህ አይደንቃችሁም። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቱ የሚያስታውሰው ድምፁን አስቀድሞ ከመምህሩ የተቀበለውን ነው፤ ጆሮና ብራና እየተጠባበቁ ይኖራሉ።

ይህን የማነሣው የራሴ ዕዳ ስላለብኝ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በምሽት ክበብ ኪቦርድ እየተጫወተ የሚማር አንድ ተማሪ የራሱን የፒያኖ ድርሰት ቢሮዬ ድረስ አመጣልኝ። በወረቀት አልነበረም፤ በጣቶቹ ነበር። «ያልጻፍኸው ነገር ድርሰት አይባልም» አልሁት። አመስግኖ ወጣ፤ ድርሰቱንም ዳግመኛ አላመጣውም። ያን ዕለት ማለት የነበረብኝ «ተቀመጥና አብረን እንጻፈው፤ ከዚያ ግራ እጅህ ምን እየሠራ እንደሆነ እንይ» ነበር።

እንዲህ የሚለው ሰው ስላልጠፋ ይሆናል ጆርጅ ጌርሽዊን ሌሎቹ ያልደረሱበት የደረሰው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ በኒው ዮርክ የዘፈን አሳታሚ ቤት ለደንበኞች ፒያኖ እየተጫወተ አዳዲስ ዘፈኖችን ያስተዋውቅ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1924 «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» ሲቀርብ ለባንዱ ያቀናበረለት ፈርዴ ግሮፌ ነበር፤ የፒያኖው ክፍል ከፊሉ በዕለቱ ገና በወረቀት ላይ አልሰፈረም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የጻፈውን ኮንቸርቶ ራሱ አቀናበረው፤ የጻፈው በእርግጥ እንዳሰበው ይሰማ እንደሆነ ለማወቅም ከመድረኩ በፊት በራሱ ወጪ ኦርኬስትራ ተከራይቶ ፈተነው። ከዝነኛነቱ በኋላም መምህር መፈለጉን አልተወም፤ በ1930ዎቹ ከጆሴፍ ሺሊንገር ዘንድ ይማር ነበር። የጃዝና የብሉዝ ቋንቋውን ግን በዚህ ሁሉ አልጣለውም። ጆኤል ወደ ክላሲካል ቤት ሲገባ የኒው ዮርክ ልብሱን ደጅ ላይ አውልቆ ገባ፤ ጌርሽዊን እንደለበሰ ገባ።

ከ1926ቱ ሦስት ፕሪሉዶቹ ሁለተኛውን አሁን ልጫወትላችሁ። አጭር ነው። መጀመሪያ ላይ ቀኝ እጄ ይዘፍናል፤ ግራ እጄ እየተመላለሰ ያጅባል። መካከል ላይ ቁልፉ ሲለወጥ ዜማው ወደ ግራ እጄ ይወርዳል። እባካችሁ በዚያ ጊዜ የምታዩትን ሳይሆን የምትሰሙትን ተከተሉ፤ ተማሪዎች ደግሞ ወደ ፒያኖው ቀረብ በሉ።