ቀለም ትርጉሙን ከየት ያመጣል?

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ነው። አካባቢው ከጥንት የቱለማ ኦሮሞ አገር ነው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር አልፎበታል፤ ጨርቃ ጨርቁን ጨምሮ ብዙ ፋብሪካ ስለተተከለበትም ከየክፍለ ሀገሩ ሠራተኛ መጥቶ ሰፍሮበታል። ስለዚህ አንድ ቀለም በጎረቤታሞች መካከል የተለያየ ትርጉም ይዞ ሲኖር እዚህ ማየት ይቻላል።

ጥቁርን እንውሰድ። ለቅሶ ሲሆን ነጠላ አለባበሱ ይለወጣል፤ ለወትሮው ወደ ታች የሚወርደው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገት ላይ ያርፋል። የቅርብ ዘመድ ደግሞ ከል ይለብሳል። ወራት አልፈው ጊዜው ሲደርስ ዘመድ አዝማድ ነጭ ልብስ ገዝቶ ይመጣና «እትዬ፣ ይብቃዎት፤ ለልጆቹ ሲሉ ከሉን ያውልቁ» ይላል። በዚያ ቤት ያለ ሕፃን ጥቁር የሐዘን መሆኑን በቃል የሚነግረው አያስፈልገውም። እናቱ ያንን ቀሚስ ለብሳ ስታለቅስ፣ አውልቃው ደግሞ ፊቷ ሲፈታ አይቷል። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ራሱ ሆድ ያባባዋል።

ከአቃቂ በቢሾፍቱ መንገድ ሲወረድ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ይገኛል። ክረምቱ ሲያልፍ ለኢሬቻ የሚወጣው የኦሮሞ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ የሚያመሰግነው ዋቃ «ዋቃ ጉራቻ» ይባላል፤ ጥቁሩ አምላክ ማለት ነው። ጥቁርነቱም ተመርምሮ የማይደረስበት ጥልቀቱ ነው። ለገበሬና ለአርብቶ አደር ዝናብ ያረገዘ ሰማይም ጥቁር ነው። አንዱ ቤት ለሞት የለየውን ቀለም ሌላው ቤት ለፈጣሪ ሰጥቶታል፤ ሁለቱም ትርጉሙን የወሰዱት ከኖሩት ሕይወት ነው።

ቀይ ከዚህም የሰፋ ታሪክ አለው። ብራና የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ጥቁርና ቀይ ቀለም አዘጋጅቶ ይቀመጣል። ንባቡን በጥቁር ይጽፋል፤ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ሲደርስ ብዕሩን ለውጦ በቀይ ያሰፍራል። መጽሐፉ ሲገለጥ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው። ቀይ እዚህ ክብር ነው። በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ደግሞ ለአገር የፈሰሰ ደም ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ደርግ ቀዩን ከሽብር ጋር አጣመረው፤ ልጆቻቸውን ለቀበሩ ወላጆች ቀለሙ ሌላ ክብደት ያዘ። የሰንደቁም የሽብሩም ቀይ ሥሩ ደም ነው፤ ትርጉሙን የለየው ደሙ የማን እንደሆነና ለምን እንደፈሰሰ ነው።

ነጭም እንዲሁ ነው። ለእኛ የበዓልና የቤተ ክርስቲያን ልብስ ሲሆን፣ በህንድና በቻይና ልማድ የሐዘን ልብስ ነው፤ በእነዚያው አገሮች ሙሽራ ቀይ ትለብሳለች። የመስከረም ቢጫ ግን ከምድሪቱ የመጣ ነው። ዝናቡ ሲያባራ አደይ አበባ ሜዳውን ስለሚሸፍነው ቢጫ ለእኛ አዲስ ዓመት ሆኗል።

በውሳኔ የሚሰጥ ትርጉምም አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከቃሊቲ ተነስቶ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መስመር ሰማያዊ ተባለ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ደግሞ አረንጓዴ። ተሳፋሪው ይህን ለመልመድ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ቀለሙም ወዴት እንደሚሄድ ይነግረዋል። ልቡን ግን አይነካውም። ትርጉምን በአንድ ቀን መደንገግ ይቻላል፤ ስሜት ግን በልደት፣ በሠርግና በለቅሶ ተደጋግሞ የሚገባ ነው።

ስለዚህ «ጥቁር ሐዘን ነው፣ ቀይ ቁጣ ነው» እያሉ ለዓለም ሁሉ አንድ ፍቺ የሚሰጡ ዝርዝሮች አይበቁንም። የጎረቤትን ቀለም በራሳችን ልማድ ብቻ ስንፈታው የእርሱን ጸሎት የእኛ ለቅሶ እናደርገዋለን። እንደ አቃቂ ባለ ሰፈር፣ እድሩም በዓሉም በሚገናኝበት፣ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ልብሱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ባለቤቱን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ልጆቻችንም ከእኛ ቤት ትርጉም ጋር የጎረቤትን ትርጉም አብረው ቢማሩ ይበጃል።